ዳውንሎዱ የት ላይ ቆመ?

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ሐይቅ የማስተምር የፊዚክስ መምህር ነኝ። ቤቴ በስልክ ሽቦ የሚመጣ የ4 ሜጋ ቢት ኢንተርኔት አለ። ለትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ክፍል የሚሆን፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት የኪዊክስ ፋይል (ዊኪፒዲያን የመሳሰለ ድረ ገጽ በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ) ለማውረድ ሁለት ሳምንት ታገልኩ። መጠኑ 5.6 ጊጋ ነው። መጀመሪያ ላፕቶፔ ላይ በክሮም ሳወርድ 1.3 ጊጋ ላይ ተቋረጠ፤ ሪዙም ብለው ከዜሮ ጀመረ። ቀጥሎ ማታ ከፍቼው ተኛሁ፤ ጠዋት ሳየው 2.7 ላይ ቆሟል። እሱን ፈርቼ አልነካሁትም፣ አሁንም አለ። አንድ ባልደረባዬ ዲስክህ ሞልቶ ይሆናል ስላለኝ ቀጥታ ፍላሽ ላይ ሞከርኩት፤ ሁለት ጊዜ 4.0 ላይ ቆመብኝ። መስመሩን ላስቀይር ወይስ ችግሩ የላፕቶፑ ነው? መብራትም አልፎ አልፎ ይሄዳል።»

መምህር፣ አብሽሩ። ፋይሉ ይወርዳል፣ ለዚያውም በዚሁ መስመር። ብቻ ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ተደባልቀዋል። ሁለቱን ሳንለይ መስመር ቢያስቀይሩ፣ አዲሱም መስመር 4.0 ላይ ሲቆም ያዩታል።

የጻፉልኝን ቁጥሮች ደመርኳቸው። 1.3፣ 2.7፣ 4.0፣ እንደገና 4.0፤ አንድ ላይ 12 ጊጋ። የሚፈልጉት 5.6 ነው። እንግዲህ መስመርዎ ይህን ፋይል ሁለት ጊዜ ጨርሶ ትርፍ የሚኖረው ሥራ ሠርቷል ማለት ነው። የወረደውን የሚይዝልዎ ጠፋ እንጂ መውረዱስ ወርዷል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና ሐረጎ ላይ ጎማው ቢፈነዳ፣ ጎማውን ቀይሮ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ ኮምቦልቻ ተመልሶ እንደገና አይነሳም። የእርስዎ ብሮውዘር ግን በየጊዜው ኮምቦልቻ ሲመልስዎ ከረመ።

ቀድሞ ነገር ይህ ፋይል በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል ብሎ ማሰቡ ራሱ ልክ አልነበረም። 4 ሜጋ ቢት ማለት 4 ሜጋ ባይት አይደለም። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ መስመርዎ በጥሩ ቀኑ በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ባይት ነው የሚያመጣው። 5.6 ጊጋ በዚህ ሂሳብ ምንም ሳይስተጓጎል 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል፤ በተግባር አራትም አምስትም ይሆናል። አምስት ሰዓት ሙሉ መብራት ሳይሄድ፣ መስመሩ አንዴም ሳይንቀጠቀጥ፣ ላፕቶፑም ሳይተኛ የሚያልፍ ሌሊት ካገኙ እሰየው ነው። ግን ሥራን በዕድል ላይ አይገነቡም።

አሁን ወደ 4.0 ልምጣ፤ ቀላሉ እሱ ነው። እኔ ዳውንሎድ ተቋረጠብኝ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የት ላይ እንደቆመ ነው። መስመር ሲበላሽ ቦታ አይመርጥም፤ አንዴ 1.3፣ አንዴ 2.7 ላይ ይጥልዎታል። ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ የቆመ ነገር ካዩ ግን መስመሩን ከጥርጣሬ ያውጡት። ፍላሽዎ ፋት 32 በሚባለው ፎርማት የተሠራ ነው። ይህ ፎርማት የእያንዳንዱን ፋይል መጠን የሚመዘግብበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ4,294,967,295 ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል መያዝ አይችልም። ባዶ 32 ጊጋ ቢኖረውም ያው ነው። ሃያ ፋይል እያንዳንዱ አንድ ጊጋ ቢሆን ይቀበላል፤ አንድ ፋይል 5.6 ጊጋ ሲሆን ግን 4.0 ላይ በቃኝ ይላል። ከ32 ጊጋ የማይበልጡ ፍላሾችና ሚሞሪ ካርዶች አብዛኞቹ ከፋብሪካ የሚወጡት በዚሁ ፎርማት ነው፤ ስለዚህ ፍላሹም ሻጩም አላታለሉዎትም።

ማረጋገጥ ከፈለጉ ፍላሹን ሰክተው በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ የሚለውን ይክፈቱ፤ ፋይል ሲስተም ከሚለው ጎን ተጽፎ ያገኙታል። መፍትሔው በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ እንደገና ፎርማት ማድረግ ነው። ፎርማት ሲደረግ በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የፈተና ጥያቄዎችዎ እዚያ ላይ ከሆኑ መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ ይገልብጧቸው። ደግሞ ያንን ፍላሽ ቤት ዲሽ ሪሲቨር ላይ እየሰኩ ፊልም የሚያዩበት ከሆነ አሮጌ ሪሲቨሮች አዲሱን ፎርማት ላያነቡት ይችላሉ፤ ልጆቹ ሲያኮርፉብዎ ምክንያቱን እንዲያውቁት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፍላሽ ላይ ቀጥታ አለማውረድ ነው። ላፕቶፑ ላይ 10 ጊጋ ያህል ቦታ ያስለቅቁ፣ እዚያ ያውርዱ፣ ካለቀ በኋላ ፎርማቱ በተቀየረው ፍላሽ ይውሰዱት። የባልደረባዎ ምክር በቅን ልቦና ነው፤ ችግሩን ግን ከአንድ ወደ ሁለት አደረሰው።

ለወደፊቱ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ክሮም ፌይልድ ሲል ከዚያች ቃል ቀጥሎ ምክንያቱን ይጽፋል። የኔትወርክ ስህተት ማለትና ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው ማለት ለየቅል ናቸው። ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን ቀይ ቃል አይቶ ላፕቶፑን ይከድናል።

የ1.3 እና የ2.7 ጉዳይ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ምክንያቱን ካወቁት ለዚህ ፋይል ብቻ ሳይሆን ለሚመጣው ሁሉ ይሆንዎታል።

ኮምፒውተርዎና ሰርቨሩ፣ ማለትም ፋይሉ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ሲነጋገሩ ግንኙነታቸው የሚታወቀው በአራት ቁጥሮች ነው፦ በእርስዎ በኩል አድራሻና ፖርት የሚባል የበር ቁጥር፣ በሰርቨሩ በኩል አድራሻና ፖርት። ከአራቱ አንዱ ከተለወጠ ሰርቨሩ እርስዎን አያውቅዎትም። መስመሩ ወድቆ ሲነሳ ወይም ራውተሩ መብራት ሄዶበት ሲበራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው አዲስ አድራሻ ነው። ስለዚህ ያ የድሮ ጨዋታ እዚያው ሞቷል፤ መስመሩ በሁለት ደቂቃ ቢመለስም ሙታን አያስነሳም። ይባስ ብሎ የመሞቱን ወሬ የሚያደርስ ስለማይኖር ብሮውዘሩ አንዳንዴ ፍጥነቱን ዜሮ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስልክ ተቋርጦብዎት ሳያውቁ ብቻዎን ሲያወሩ እንደሚቆዩት ዓይነት ነው።

መቀጠል የሚቻለው እንደገና ደውሎ «ካቆምንበት እንቀጥል» በማለት ነው። ይህ ዕድል አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣው ኤችቲቲፒ 1.1 (ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ) ጀምሮ አለ። ፕሮግራሙ ለሰርቨሩ «ከዚህኛው ባይት ጀምረህ ስጠኝ» ይላል። ሰርቨሩ ይህን የሚያውቅ ከሆነ 206 የሚል መልስ ይሰጥና የቀረውን ብቻ ይልካል። የማያውቅ ከሆነ ወይም ካልተስማማ 200 ብሎ ፋይሉን ከመጀመሪያው ይጀምርልዎታል። እርስዎ ሪዙም ብለው ከዜሮ ሲጀምር ያዩት ይህችን 200 ነው።

ታዲያ የኪዊክስ ሰርቨር ከተቆረጠበት መቀጠልን ያውቃል፤ ለምን ከዜሮ ጀመረ? እኔ የምጠረጥረው ይህን ነው። ኪዊክስ ፋይሎቹን በተለያዩ አገሮች ባሉ ቅጂ ሰርቨሮች ላይ ያስቀምጣል፤ ሊንኩን ሲጫኑ አንዱ ጋ ይመራዎታል። ተቋርጦ ሲመለስ የሚመራዎ ሌላው ጋ ሊሆን ይችላል። ፋይሉ ያው አንድ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ሰርቨር በፋይሉ ላይ የሚለጥፈው መለያ ይለያያል። ክሮም መለያው ሲለወጥበት «ይህ ሌላ ፋይል ሊሆን ይችላል» ብሎ ከዜሮ ይጀምራል። አልፈርድበትም። የሁለት የተለያዩ ፋይሎች ግማሽና ግማሽ ተሰፍቶ የማይከፈት ነገር ከመስጠት ይህ ይሻላል። ለእኛ አገር መስመር ግን ይህ ጥንቃቄ ውድ ነው።

አሁን መፍትሔው። ለእርስዎ የምመክረው ቶረንት ነው፣ ፋይሉን ካላቸው ብዙ ኮምፒውተሮች በቁራጭ በቁራጭ የሚያወርድ ዘዴ፤ ምክንያቱም ያንን ያልነኩትን 2.7 ጊጋ ያድንልዎታል።

ቶረንት ሲባል ስሙ የሚያስደነግጣቸው አሉ፤ የተሰረቀ ፊልም ብቻ የሚወርድበት ስለሚመስላቸው። አሠራሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣ ጀምሮ ሊኑክስን የመሳሰሉ ነፃ ሶፍትዌሮች በሕጋዊ መንገድ ሲከፋፈሉበት የኖረ ነው፤ ኪዊክስም ራሱ ለፋይሎቹ ቶረንት ያዘጋጃል። ትልቁ ጥቅሙ ፋይሉን በትናንሽ ቁራጮች ከፍሎ ለእያንዳንዷ ቁራጭ የጣት አሻራ የመሰለ ማረጋገጫ መያዙ ነው። መብራት ቢሄድ የሚጠፋብዎ በዚያች ሰከንድ በመውረድ ላይ የነበረችው ቁራጭ ብቻ ናት። ሸማኔ ክር ሲበጠስበት ቋጥሮ እንደሚቀጥል ነው፤ የሠራውን ጥበብ አይተረትርም።

ኪውቢትቶረንት የሚባለውን ፕሮግራም ይጫኑ፤ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ከዚያ በኋላ ያን የቆመውን ፋይል በዳውንሎድ ፎልደርዎ ይፈልጉት። የስሙ ጭራ ነጥብ ሲአርዳውንሎድ የሚል ይሆናል። እሱን አይንኩት፤ ቅጂውን በአዲስ ፎልደር ያስቀምጡና በቅጂው ላይ ይሥሩ። ዊንዶውስ የፋይል ጭራ ስለሚደብቅ ቪው ከሚለው ውስጥ የፋይል ስም ጭራዎችን ያሳይ ብለው ይምረጡ። ከዚያ ጭራውን ቆርጠው ስሙ በነጥብ ዚም እንዲያልቅ ያድርጉ። ስሙ ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር በፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ አንዲት ወጥመድ አለች። የኪዊክስ ፋይሎች ስማቸው መጨረሻ ላይ ዓመትና ወር አለ። ፋይሉ ሲታደስ ወሩም ይለወጣል፤ አሮጌው ከጊዜ በኋላ ይነሳል። እርስዎ ሁለት ሳምንት ስለቆዩ በዚህ መሀል ታድሶ ሊሆን ይችላል። ወሩ ካልተመሳሰለ ያ 2.7 ጊጋ አይረባዎትም፤ ስሙን አስመስለው ቢቀይሩትም ቁራጮቹ ስለማይገጥሙ ፕሮግራሙ ይጥላቸዋል። አያሳዝንም አይባልም፤ ግን ከዜሮ መጀመሩ የመጨረሻዎ ይሆናል።

ወሩ አንድ ከሆነ የዳውንሎድ ሊንኩን ኮፒ አድርገው በብሮውዘሩ አድራሻ ቦታ ላይ ይለጥፉት፤ መጨረሻው ላይ ነጥብ ቶረንት የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል (.torrent) ይጨምሩና ይግቡ። በኪሎ ባይት የሚቆጠር ትንሽ ፋይል ትወርዳለች። እሷን በኪውቢትቶረንት ሲከፍቱ የት ላስቀምጥ ይልዎታል፤ ቅጂውን ያኖሩበትን ፎልደር ያሳዩት። ማረጋገጡን ዝለል የሚል ምርጫ ስላለ እሱን እንዳይመርጡ። ፕሮግራሙ ፋይሉን ያገኝና ከላይ እስከ ታች ይፈትሸዋል፤ የድሮ ላፕቶፕ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ይወስድበታል። ሲጨርስ 48 በመቶ አካባቢ ላይ ቆሞ ካገኙት ሁለት ሳምንት የለፉበት አልጠፋም፤ የቀረውን ከዚያው ይቀጥላል። ዜሮ ካለ ስሙን ወይም ፎልደሩን እንደገና ይዩት፤ ከዚያ በቀኝ ክሊክ እንደገና ፈትሽ የሚለውን ይጫኑ።

አንዲት ማስተካከያ አይርሱ። ቶረንት እየወሰደ ይሰጣልም። በስልክ ሽቦ የሚመጣ መስመር የመላኪያ አቅሙ ከመቀበያው በጣም ያነሰ ነው፤ መላኪያው ከሞላ መቀበያውም አብሮ ይታነቃል። ምክንያቱም የመጣው ዕቃ ደርሶኛል የሚለው መልስ የሚሄደው በዚያው ጠባብ በር ነው። ስለዚህ በምርጫዎቹ ውስጥ የመላኪያውን ፍጥነት በሰከንድ 20 ኪሎ ባይት ላይ ይገድቡት። ፋይሉ ካለቀ በኋላ ቀን ቀን ከፍተው ለሌላው ቢያካፍሉ ደግ ነው፤ ግዴታ ግን የለብዎትም።

ቶረንት በሆነ ምክንያት እምቢ ካለ ፍሪ ዳውንሎድ ማኔጀርን ይጠቀሙ። እሱም ነፃ ነው። ከብሮውዘር የሚለየው መስመሩ ዝም ሲል ዘግቶ እንደገና ስለሚደውል፣ የት እንደደረሰም በዲስክ ላይ ስለሚጽፍ ነው። ላፕቶፑ ጠፍቶ ቢበራ እንኳ ያስታውሳል። የግንኙነት ብዛት የሚለውን ከፍ ሲያደርጉ ፍጥነት የሚጨምር ይመስላል፤ በ4 ሜጋ መስመር ላይ አይጨምርም። አንድ ቧንቧ ላይ አስራ ስድስት ጀሪካን ቢደቅኑ ውሃው አይበዛም። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። አይዲኤም የሚባለውን ሌላ ዳውንሎድ ማኔጀር ብዙ ሰው ይወደዋል፣ ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ግን የሚከፈልበት ነው። ከዚያም ከዚህም የተሰበረውን ቅጂ እያመጡ የሚጭኑትን ኮምፒውተር በቫይረስ ተሞልቶ ስንት ጊዜ እንዳጸዳሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ትእዛዝ በጽሑፍ መስጠት የማይከብደው ሰው ደብሊውጌት ከሚባለው ፕሮግራም ጋር ሰረዝና ትንሿን ሲ ቢጨምር ያው ነው፤ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ ራሴ የምጠቀመው እሱን ነው። ለመምህር ግን ለአንድ ፋይል ብዬ ጥቁር መስኮት አላስለምድም።

በእነዚህ በኋለኞቹ ከወረደ ፋይሉ ትክክለኛ መሆኑን ያረጋግጡ። ያንኑ ሊንክ ይዘው መጨረሻው ላይ በነጥብ ቶረንት ፈንታ ነጥብ ሻ 256 የሚለውን በላቲን ፊደል (.sha256) ቢጽፉ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው ረጅም ሐረግ ይወጣል። ሰቨን ዚፕ የሚባለው ፋይል ማሸጊያ ፕሮግራም ከተጫነልዎ ደግሞ በወረደው ፋይል ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው ሻ 256 ይምረጡ፤ ሁለቱ ሐረጎች አንድ መሆን አለባቸው። በድንገት የተበላሸን ለመለየት የመጀመሪያዎቹን ስድስትና የመጨረሻዎቹን ስድስት ማስተያየት ይበቃል፤ አንዲት ባይት ብትሳሳት ሐረጉ ሙሉ በሙሉ ይለወጣልና። በቶረንት ካወረዱት ይህ አያስፈልግዎትም፤ እሱ በየቁራጩ ሲፈትሽ ነው የመጣው።

መስመሩን ላስቀይር ወይ ላሉት፣ ገና ነው። መጀመሪያ የሚቆረጠው የቱ ጋ እንደሆነ ይወቁ። ሁለት ጥቁር መስኮቶችን ጎን ለጎን ይክፈቱ፤ ዊንዶውስ ላይ ሲኤምዲ ብለው ሲፈልጉ ይመጣል። በሁለቱም ፒንግ (ping) ብለው ይጻፉ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ሰረዝና ቲ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ። በአንደኛው መጨረሻ ላይ የራውተርዎን አድራሻ ያስገቡ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ከራውተሩ ሥር ተለጥፎም ይገኛል። በሁለተኛው መጨረሻ 8.8.8.8 ይጻፉ። ሁለቱም በየሰከንዱ መልስ ያሳያሉ። ኢንተርኔቱ ሲቆም ሁለቱም መስኮቶች አብረው ከቆሙ ጥፋቱ ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ባለው ዋይፋይ ነው ወይም ራውተሩ ራሱ ጠፍቷል። የመጀመሪያው እየመለሰ ሁለተኛው ብቻ ከቆመ ግን ዋይፋዩ ደህና ነው፤ የተቆረጠው ከራውተሩ ወዲያ ያለው መስመር ነው።

ዋይፋዩ ከሆነ ምንም አያስወጣዎትም። ወፍራም የጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ሞገዱን ይበላሉ፤ ራውተሩን ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ የሚደብቁ ቤቶች ብዙ ናቸው። አውጥተው ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡት፤ ለሌሊቱ ዳውንሎድ ደግሞ በኬብል ያገናኙት።

መስመሩ ከሆነ የስልክ ሽቦው ከግድግዳ የሚወጣበትን ቦታ ይዩ። የስልክ ቀፎ ካለ ከራውተሩ የሚለየው ስፕሊተር መኖር አለበት፤ ቀፎው ያለ ስፕሊተር ከተሰካ ስልክ በተጠራ ቁጥር ኢንተርኔቱ ሊወድቅ ይችላል። ዝናብ በጣለ ማግስት የሚብስ ከሆነ ውጭ ያለ መጋጠሚያ ውሃ ገብቶበታል። የራውተሩን ገጽ መክፈት ከቻሉ ኤስኤንአር ማርጂን የሚለውን፣ መስመሩ ጫጫታን ለመቋቋም የቀረውን ትርፍ አቅም የሚያሳየውን ቁጥር ይፈልጉ፤ ከ6 ዴሲቤል በታች እየወረደ ከሆነ መስመሩ ለመውደቅ የተዘጋጀ ነው። ይህንን ቁጥርና የተቆረጠባቸውን ሰዓቶች በወረቀት ጽፈው ለጥገና ሲያመለክቱ «ኢንተርኔቴ አይሠራም» ከማለት የበለጠ ይሰማሉ። ቴክኒሻኑ በመጣ ሰዓት መስመሩ ሁልጊዜ ጤነኛ ነው፤ ወረቀቱ ግን ይመሰክራል።

ሁለቱም መስኮቶች አብረው ሲቆሙ የራውተሩም መብራቶች ሁሉ ጠፍተው እንደገና የሚበሩ ከሆነ ሦስተኛ ነገር አለ። ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ አንድ ቤት ሁለት ቀን ተመላልሻለሁ። መስመሩን ለካሁ፣ ሽቦውን ቀየርኩ፣ ራውተሩን አጸዳሁ፤ እኔ ስመጣ ይሠራል፣ ስሄድ ይቆረጣል። በሁለተኛው ቀን የቤቱ እመቤት ቡና አቅርበውልኝ ስናወራ «ልጄ፣ ይሄ ነገር እኮ የሚጠፋው እንጀራ ስጋግር ነው» አሉኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ የቤቱ ሽቦ ቀጭን ነበርና ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ኃይሉ ለአፍታ ይወድቃል። አምፖሉ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፣ ማንም ልብ አይለውም፤ ራውተሩ ግን ጠፍቶ ይነሳል፣ መስመሩን እስኪይዝ ደግሞ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ሁለት ቀን ሙሉ መሣሪያ ይዤ የፈለግኩትን ሴትዮዋ ከጅምሩ ያውቁት ነበር፤ አልጠየቅኳቸውም።

ለዚህም፣ ለአጭር ጊዜ ለሚሄድ መብራትም ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለው ትንሽ ባትሪ ያግዛል። በራውተሩና በቻርጀሩ መሀል ይገባል። ከመግዛትዎ በፊት የራውተሩን ቻርጀር ገልብጠው ያንብቡ፤ 12 ቮልት የሚል አለ፣ 9 ቮልት የሚልም አለ፣ ቮልቱ ካልገጠመ ራውተሩን ያቃጥሉታል። መብራት የሄደው በሰፈሩ ሁሉ ከሆነና መስመሩ የሚመጣበት ካቢኔም ባትሪ ከሌለው ግን ራውተርዎ ብቻውን ቢበራ ምንም አያመጣም።

ስለዚያ 2.7 ላይ ቆሞ ስላደረው ሌሊት ደግሞ አንድ ሂሳብ አለ። 2.7 ጊጋ በመስመርዎ ፍጥነት አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ጥቂት የሚፈጅ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከጀመሩት ወደ 6 ሰዓት ሳይደርስ ቆሟል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት መብራት ሄዶ እንደሆነ ጎረቤት ይጠይቁ፤ ካልሄደ ላፕቶፑ ራሱ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። በፓወር ምርጫዎቹ ውስጥ ሲሰካ በጭራሽ አይተኛ ብለው ያስተካክሉት፤ ክዳኑንም አይዝጉት፤ ካስፈለገ ስክሪኑን ብቻ ያጥፉ።

ለሌላ ጊዜ የሚሆን አንድ ሁለት ነገር ልጨምር፤ ሁሉም ፋይል እንደ ኪዊክስ ደግ አይደለምና። ጉግል ድራይቭ ላይ ያለን ፎልደር ሙሉውን አውርድ ካሉት እዚያው በቅጽበት ዚፕ አድርጎ ነው የሚልክልዎ፤ እንዲህ ያለው ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ አይቀጥልም። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ያውርዱ። ከማይክሮሶፍት የሚወርደው የዊንዶውስ ፋይል ሊንኩ ለ24 ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው፤ በሁለተኛው ቀን አልቀጥልም ቢል መስመሩን አይርገሙ። አዲስ ሊንክ ያውጡና በዳውንሎድ ማኔጀሩ ላይ አድራሻውን ብቻ ይቀይሩ፤ የወረደው እንዳለ ይቆያል።

ሰው ፋይል የሚልክልዎ ከሆነ ደግሞ በሰቨን ዚፕ በ200 ሜጋ በ200 ሜጋ ቆራርጦ በቴሌግራም ይላክልዎ። ቴሌግራም ከተቆረጠበት ይቀጥላል፤ ነፃ ለሚጠቀም ሰው አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ስለሚወስድ ቁራጮቹ በቀላሉ ያልፋሉ። ሁሉም ሲደርሱ አንድ ፎልደር ውስጥ አድርገው የመጀመሪያዋን ቁራጭ ሲፈቱ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚፈጥነውን ታውቁታላችሁ፤ አውቶቡስ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 64 ጊጋ የሞላበት ፍላሽ የያዘ መንገደኛ በ10 ሰዓት ቢደርስ በሰከንድ ወደ 1.8 ሜጋ ባይት አመጣ ማለት ነው፤ ከእርስዎ መስመር ሦስት እጥፍ ተኩል፣ ለዚያውም ሐረጎ ላይ ተነፍሶ። ትምህርት ቤቱ ወደፊት ትልልቆቹን የኪዊክስ ፋይሎች፣ በመቶ ጊጋ የሚቆጠረውን ሙሉ የእንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ ዓይነቱን ከፈለገ በቤት መስመር አይሞክሩት፤ ፈጣን መስመር ያለበት ቦታ የሚሠራ ሰው ያግኙና ኤክስተርናል ዲስክ ይስጡ።

ለአሁኑ ግን ቶረንቱን ዛሬ ማታ ይጀምሩት። የቀረው 2.9 ጊጋ ስለሆነ ሁለት ሌሊት ቢቆራረጥም በሦስተኛው ያልቃል። ሁለቱን የፒንግ መስኮቶችም በዚያው ሌሊት ከፍተው ይተዉና ጠዋት የትኛው እንደቆመ ይጻፉልኝ። ምጣዱስ ከየትኛው ማከፋፈያ ላይ ነው የሚሰካው?